ሐናንያ ያየው ወንድም

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 እንደምናነበው፣ ጌታ በደማስቆ የነበረውን ደቀ መዝሙር ሐናንያን ወደ ሳውል እንዲሄድ ባዘዘው ጊዜ፣ ሐናንያ ስለዚህ ሰው ክፋት ከብዙዎች የሰማውን ተናገረ። የሰማውም ሐሰት አልነበረም፤ ሳውል ምእመናንን ያስር ነበር። እግዚአብሔር ግን በአሳዳጁ ውስጥ ስሙን ለአሕዛብ የሚያደርሰውን ምርጥ ዕቃ አየ። ሐናንያም ሄደ፤ እጁንም ጭኖበት «ወንድሜ» ብሎ ጠራው። እንግዲህ ከሳውል ዐይኖች አስቀድሞ የተከፈቱት የሐናንያ ዐይኖች ነበሩ።

እኛስ የበደለንን ሰው የምናየው በትናንት ሥራው ብቻ አይደለምን? በእግዚአብሔር ዐይን ማየት በደሉን መካድ አይደለም፤ በደሉ የሰውየው ፍጻሜ እንዳልሆነ ማመን ነው። ስሙን ለመጥራት የሚከብደንን አንድ ሰው ዛሬ በጸሎታችን እናስብ፤ ከጸሎታችንም ተነሥተን ደጁን እናንኳኳ።