አንዳንዴ የሚነሳ፣ አንዳንዴ የሚቆም ድራይቨር

ጥያቄ፦ የአባያ ሐይቅን ድፍርስ ውሃ የሚለካ ሴንሰር በባትሪና በሶላር በሚሠራ የሊኑክስ ቦርድ ላይ እያገናኘሁ ነው። የጻፍኩት ድራይቨር የቮልቴጅ ሬጉሌተሩን ሲጠይቅ አንዳንዴ ያገኛል፣ አንዳንዴ ስህተት ተመልሶለት ይቆማል። ምን ላድርግ? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ ችግሩ የሚመላለስ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአነሳስ ቅደም ተከተል ነው። የሬጉሌተሩ ድራይቨር ገና ሳይነሳ የእርስዎ ከጠየቀ፣ ከርነሉ «ፕሮብ ዲፈር» የተባለውን ኮድ ይመልሳል። ኮዱን ሳይቀይሩ እንዳለ ከፕሮብ ፈንክሽኑ ይመልሱት፤ ከርነሉ ቆይቶ ራሱ እንደገና ይሞክራል። ብዙ ሰው ግን የመጣውን ስህተት ሁሉ «መሣሪያው የለም» ወደሚል ይለውጠዋል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ሙከራ አይኖርም።

ከዚህ የባሰው ስህተት የማያሳየው ነው። በዲቫይስ ትሪው ውስጥ የሰፕላዩን ስም አሳስተው ከጻፉ፣ ተራው የ«ጌት» ጥሪ ዝም ብሎ የማስመሰያ ሬጉሌተር ይሰጥዎታል። ድራይቨሩ ኃይል የከፈተ ይመስለዋል፣ ሴንሰሩ ግን ጨለማ ውስጥ ነው። ፍንጩ በከርነል ሎጉ ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ ይፈልጓት። «ኦፕሽናል» የሚባለው ጥሪ ሰፕላዩ በሃርድዌሩ ላይ በእውነት ላይኖር ለሚችልበት ብቻ ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ አያስፈልግም።

ባትሪ ለመቆጠብ በየልኬቱ መሀል ኃይሉን ያጥፉ። ከርነሉ መክፈትን ስለሚቆጥር፣ ለእያንዳንዱ «ኢኔብል» አንድ «ዲሴብል» ያስፈልጋል፣ ልኬቱ ሳይሳካ በሚወጡበት መንገድም ጭምር። ቮልቴጅ መጻፍ ካስፈለገዎት ደግሞ፣ ከርነሉ ውስጥ የሚጻፈው በማይክሮቮልት ነው፦ 3.3 ቮልት ማለት 3,300,000።