በሙቀት ወራት ለሚያድጉ የፍየል ግልገሎች ስለሚሰጥ ተጨማሪ መኖ

ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ድብ ባሕር ሲደርስ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል። ፍየል ግን ጠጕሯን አውልቃ መጣል አትችልም። ስለዚህ ለደጋው በግ የሚነገረው የአመጋገብ ምክር ለቆላው ግልገል እንዳለ አይሠራም።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ ጡት የተወ ግልገል ሆዱ ሞልቶ ይውላል፣ አካሉ ግን አያድግም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ገለባ ይጨምርለታል። ችግሩ ግን የሆድ መጉደል አይደለም። የማሽላ አገዳም ሆነ የጤፍ ጭድ ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን የተባለው ምግብ ከመቶ 5 እጅ ያህል ብቻ ነው ያለው። በፍየል ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቃን ሕዋሳት ከመቶ 7 እጅ ያህል ካላገኙ ሥራቸው ይደክማል፤ ገለባው ሳይብላላ ይከማቻል። ከዚህም በላይ ገለባ ሲብላላ በሆድ ውስጥ ሙቀት ይፈጥራል። ግልገሉም ከውጭ በፀሐይ፣ ከውስጥ በገለባው ሲግል ያለከልካል፤ ሙቀቱን ለመቀነስም መብላቱን ይተዋል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ሆኖ ኃይል ያለው መኖ ነው። የኑግ ፋጉሎ ከመቶ 30 እጅ ያህል ፕሮቲን ስላለው ይመረጣል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል በቀን 100 ግራም፣ 15 ኪሎ ለደረሰ 150 ግራም ደቆ ይሰጠዋል። ሚዛን የሌለው ገበሬ ገበያ ሲወጣ በጣሳ አስመዝኖ በጣሳው ላይ ምልክት ይጫር። መጠኑን በጥቂቱ ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ይሙላ፤ ትልልቆቹም ፍየሎች ታናናሾቹን ገፍተው እንዳይበሉባቸው ለብቻ ያብላ።

ፋጉሎ የማይገኝ እንደ ሆነ የግራር ፍሬ ይለቀማል። ፍሬው ካልተወቀጠ ጠንካራው ዘር እንዳለ ከበጠጡ ጋር ይወጣል፤ ስለዚህ መውቀጡን አይስነፉበት። የባቄላና የሽምብራ ገለባም ከጤፍ ጭድ ይሻላል። አተላ በዕለቱ ከሆነ መልካም ነው።

የሚሰጥበት ሰዓት ከመጠኑ አያንስም። መኖ በሆድ ውስጥ ሙቀት የሚያበዛው ከተበላ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ስለ ሆነ፣ ጧት የተሰጠው በቀትር ፀሐይ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከሦስት እጅ ሁለቱን ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ የቀረውን ጎሕ ሲቀድ መስጠት ይገባል። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ግልገሎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ይዋሉ። ውሃም ጧትና ማታ ሳይቀር ይቅረብላቸው፤ የጠማው ግልገል ፋጉሎውን አሽትቶ ይተወዋል። የሚላስ አሞሌ በበረቱ ቢንጠለጠል ወጪው ትንሽ ነው።

የሻገተ ፋጉሎ ግን በርካሽ ቢገኝም አይገዛ። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በወተት ላሞች መኖ ላይ ተደርጎ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ የሻጋታ መርዝ ከኑግ ፋጉሎ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ማጠብም ሆነ ማሞቅ መርዙን አያጠፋውም። ፋጉሎ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይቀመጥ።

በመንጋው ያለውን ፍየል ሁሉ ለመቀለብ የሚሞክር ገበሬ ገንዘቡ ሳይበቃው ይቀራል። አስቀድመው ለመራቢያ የሚቀሩትን እንስት ግልገሎች ይምረጡ፤ በዚህ ወራት የቀጨጨች ግልገል ለመፅነስ ትዘገያለች። ለበዓል ገበያ የሚወጡት ጥቦቶች ይከተላሉ፤ ከሲታውን ነጋዴው በፈቀደው ዋጋ ይወስደዋል።

የልማት ሠራተኛውም በየ15 ቀኑ የግልገሉን ደረት ከፊት እግሮቹ ኋላ በገመድ እየለካ ቋጠሮ ያድርግበት። ቋጠሮው ካልራቀ መጀመሪያ የሚመረመረው ውሃው ነው፣ ቀጥሎም የሆድ ትል።