ግብ ጠባቂ መቼ ይበስላል?

ጥያቄ፦ የ21 ዓመት ግብ ጠባቂ ነኝ። እኩዮቼ ቋሚ ተሰላፊ ሲሆኑ እኔ ገና ተጠባባቂ ነኝ። ጊዜው አልፎብኝ ይሆን?

መልስ፦ አላለፈብህም። የሜዳ ተጫዋች በአብዛኛው የሚመካው በፍጥነቱና በሩጫው ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከ30 ዓመት በኋላ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ግብ ጠባቂ በአንድ ጨዋታ የሚሸፍነው ርቀት የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነው፤ ትክክለኛ ቦታ መያዝን፣ የኳሱን አቅጣጫ አስቀድሞ መገመትንና ተከላካዮችን መምራትን የሚያዳብረው ልምድ ነው። ስለዚህ ግብ ጠባቂ ዘግይቶ ሊበስል ይችላል። ለምሳሌ ግብ ጠባቂው ዲኖ ዞፍ እ.ኤ.አ. በ1982 የጣሊያን አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን ያነሳው በ40 ዓመቱ ነው። ግብፃዊው ኤሳም ኤል ሃዳሪ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫ በ45 ዓመቱ ተሰልፎ የሳዑዲ ዓረቢያን ፍፁም ቅጣት ምት አድኗል።

«ጣሊያናዊው ግብ ጠባቂ ዶናሩማ ግን በ16 ዓመቱ የኤሲ ሚላንን ግብ ጠብቋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም እሱንም ያበሰለው ገና በልጅነቱ በየሳምንቱ መጫወቱ ነው። ስለዚህ ሊያሳስብህ የሚገባው ዕድሜህ ሳይሆን የምታገኘው ጨዋታ ብዛት ነው። ቡድን የሚያሰልፈው አንድ ግብ ጠባቂ ብቻ በመሆኑ ተጠባባቂነት ዓመታትን ሊበላ ይችላል። በትልቅ ክለብ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ይልቅ፣ በውሰትም ቢሆን፣ ዘወትር ወደሚያሰልፍህ አነስተኛ ክለብ ሂድ።