«ተጠናቋል» ያለኝ ኮምፒውተር

ባለፈው ሴሚስተር ከአንድ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ጋር ያደረግኩትን የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ወደ ላብራቶሪያችን ሰርቨር ገለበጥኩ። ኮምፒውተሩ «ተጠናቋል» አለኝ። መቅረጫውን ተረኛ ስለሚጠብቀኝ ድምፁን ከላዩ ሰረዝኩት። ገመዱን ጠቅልዬ ሳልጨርስ መብራት ድርግም! ሲመለስ ፋይሉ አልከፈት አለ።

ውድ አንባብያን፣ ጉዱ ያለው አንዲት ባትሪ ላይ ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ዲስኮቹን በአንድነት የሚያስተዳድር ሬይድ ኮንትሮለር የሚባል ካርድ አለ። ካርዱ መረጃውን መጀመሪያ ካሽ በሚባል ፈጣን ሜሞሪ ይይዝና ዲስክ ላይ ገና ሳይጽፍ «ጨርሻለሁ» ይላል። ይህ ሜሞሪ ታዲያ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የያዘውን ይረሳል። ካርዱ ላይ ያለችው የሊቲየም ባትሪ ሥራዋ ሜሞሪውን እንዳይረሳ መያዝ ነው፤ ደህና ከሆነች ለሁለትና ሦስት ቀን ታቆያለች። መብራት ሲመጣ የተረፈው ወደ ዲስክ ይጻፋል።

ባትሪዋ ስታረጅ ኮንትሮለሩ ራሱ ይጠነቀቃል፤ በካሽ መጻፉን ትቶ በቀጥታ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ይንቀረፈፋል። እኛ ለሁለት ሳምንት ኔትወርኩን ስንራገም የነበረው ለካ ለዚህ ነው! ቅሬታ ሲበዛ አንድ ሰው «ባትሪ ባይኖርም በካሽ ጻፍ» የሚለውን ምርጫ አበራው። ፍጥነቱ ተመለሰ፣ እኛም አመሰገንን። የእኔ ድምፅ የጠፋው በዚያ ምስጋና ማግስት ነው።

መንቀርፈፍ ሁሉ ግን የባትሪ ሞት አይደለም። አንዳንዱ ኮንትሮለር አቅሟን ለመለካት ባትሪዋን አልፎ አልፎ አራግፎ እንደገና ይሞላታል፤ ያኔም ለሰዓታት ይዘገያል። ስለዚህ መጀመሪያ የኮንትሮለሩን መልእክት ማንበብ ነው። ከተሞላች በኋላም «አልሠራም» ካለ መቀየር አለባት።

ቴክኒሻኑ ሲቀይር አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ፋይሎቹን ሌላ ቦታ ገለበጠ፣ ሰርቨሩን በሥርዓቱ አጠፋ፣ የኃይል ገመዶቹን በሙሉ ነቀለ፣ የሰውነት ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይጎዳ የእጅ ማሰሪያ አደረገ። አሮጌዋ ባትሪ አብጣ ነበር። «እንዳትጫናት፣ እንዳትወጋት፣ እሳት ናት» አለኝ። አዲሷ የክፍል ቁጥሯ አንድ ዓይነት መሆኑን አይቶ ገጠማት፤ ያንን የማስገደጃ ምርጫም አጠፋው። ተሞልታ እስክትጨርስ ሰርቨሩ ሲንቀረፈፍ ዋለ፤ ያን ቀን ማንም አላማረረም።

እኔ ግን ፖስተኛው ቤት ተመልሼ ሄድኩ። «ነግሬህ የለም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሁለተኛው ቅጂ 15 ደቂቃ ነው።