በቁርበት ላይ የቀረበው ወሊማ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ የሐይቅ ልጅ መስጂድ በር ላይ ጠብቆ አናገረኝ። ሽማግሌ ከላከ ዓመት አልፎታል። ቤተሰቦቿ እሺ ብለዋል፣ ልጅቷም ወዳለች። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት። «ኡስታዝ፣ የድግሱ ገንዘብ አልሞላልኝም» አለኝ። ደሴ ላይ አዳራሽ፣ የመኪና ኪራይ፣ ቪዲዮ፣ ለሚዜዎች አንድ ዓይነት ልብስ፣ በሬ... ቆጥሮ ሲጨርስ «መህሩስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሱ በዱቤ ይሆናል ብለናል» አለኝ።

መህርን በስምምነት ማዘግየት በሸሪዓ የተፈቀደ ነው። ያሳዘነኝ ቅደም ተከተሉ ነው፦ ለድንኳኑ ጥሬ ገንዘብ፣ ለሚስት ሐቅ ዱቤ። የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለዚህ ነው።

*መንገድ ላይ የተደገሰው ወሊማ*

በሂጅራ 7ኛው ዓመት ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ከኸይበር ሲመለሱ እናታችንን ሶፊያን (ረ.ዐ) አገቡ። በኸይበርና በመዲና መካከል ሦስት ሌሊት አረፉ፤ ወሊማውም እዚያው መንገድ ላይ ሆነ። አነስ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ዳቦም ሥጋም አልነበረበትም። ቁርበት መሬት ላይ ተነጠፈ። ምግብ ያለው ሰው ያለውን እንዲያመጣ ተነገረ። አንዱ ቴምር፣ ሌላው ቅቤ፣ ሌላው የደረቀ እርጎ አመጣ። ያ ተደባልቆ ተበላ። የአላህ መልእክተኛ ወሊማ ይኸው ነበር። ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል።

እስኪ አስቡት። እኚህ ሰው ከድል የሚመለሱ የሠራዊት መሪ ናቸው። መዲና እስኪደርሱ አቆይተው ትልቅ ድግስ መደገስ ይችሉ ነበር፤ ግን አላቆዩትም። እናታችን ሶፊያም በዚህ ምክንያት ክብራቸው አልጎደለም፤ የምእመናን እናት ሆኑ።

በሌላ ጊዜ ዘይነብን (ረ.ዐ) ሲያገቡ የደገሱት አንድ በግ ነበር፤ አነስ ከዚያ የበለጠ ወሊማ ሲያደርጉ አላየሁም ይላሉ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍም (ረ.ዐ) ማግባታቸውን ሲነግሯቸው ያዘዟቸው አንድ በግም ቢሆን አርደው እንዲያበሉ ነው። አብዛኞቹ ዑለማእ ወሊማ ጠንካራ ሱና ነው ይላሉ። ኒካሑ ግን የሚቆመው በወሊይ፣ በምስክሮች፣ በሁለቱ ፈቃድና በመህር ነው። አዳራሽ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

*ዳሱን የት እንጣለው?*

«ታዲያ ሜዳ ላይ እናድርገው» የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሜዳ ላይ መሆኑ ብቻ ሰርጉን ቀላል አያደርገውም። ወንበሩ፣ አበባው፣ የፎቶው ቅስት ሁሉ ከደሴ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ 30 ኪሎ ሜትር የተጓዘ አዳራሽ ማለት ነው፤ ወጪው እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ቀላል የሚሆነው እዚሁ ያለውን ስንጠቀም ነው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ከላይ ቅጠል ወይም ሸራ፣ ከታች ቄጤማና ሰሌን። ድንኳኑን፣ ትልልቅ ድስቶቹንና ሰሃኑን ቅሬያችን ያበድረናል። ቅሬ ለለቅሶ ብቻ አልተቋቋመም፤ ለደስታም ይደርሳል።

ጊዜውን አስቀድማችሁ ምረጡ። ጥር ላይ ማሳው ታጭዷል፣ ሰማዩም ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ወደ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ከሄዳችሁ የበልግ ዝናብ ድንገት ሊጥል ስለሚችል ሸራ አዘጋጁ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ ሁለቱንም ካላንደር አንድ ላይ ተመልከቱ። በአምባሰል ደጋ ማታው ይበርዳል። ስለዚህ ከዙህር በኋላ ምሳ አብልታችሁ ዐስርን በጀማዓ ሰግዶ መለያየት ለእንግዳም ለኪስም ይቀላል፤ ለመብራትና ለጄኔሬተር አታወጡም። ለሴቶች የተከለለ ቦታ፣ የውዱእ ውኃና መጸዳጃ ከጌጡ በፊት ይታሰብ።

የሰው ሐቅ ደግሞ አለ። ማሳው የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ ሐይቅንና ውጫሌን አቋርጦ ያልፋል፤ በሽተኛ የያዘ መኪናም ይመላለስበታል። ዳስ አስፋልት ላይ አይጣልም፣ መኪና ደርድሮ መንገድ መዝጋትም ደስታ አይባልም። በሐይቁ ዳር ካደረጋችሁት ደግሞ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲኩን ለቅማችሁ ሂዱ። ውኃው ነገ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው እንጀራ ነው።

*ማዕዱ*

«አንድ በግ ለመቶ ሰው ምን ይሆናል?» ትሉኝ ይሆናል። ጥብስ ከሆነ አይበቃም። ድንች የገባበት ወጥ ከሆነ፣ አጠገቡ ምስርና ሽሮ ካለ ግን ይበቃል። የምስሩና የሽሮው ሌላም ጥቅም አለው። እኛ ወሎዬዎች ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ሰርግም ለቅሶም አንድ ላይ ነን። የየራሱን እርድ ለይቶ ማሰናዳት የቆየ ጨዋነታችን ነው፤ አቅም ሲያንስ ደግሞ ረቡዕም ሆነ ዓርብ ሁሉም የሚበላው ወጥ በማዕዱ ላይ ይኑር።

አክስት ድርቆሽ፣ ጎረቤት እንጀራ፣ ጓደኛ ስኳርና ቡና ቢያመጣ አትፈሩ። ያ ልመና አይደለም፤ በሶፊያ ወሊማ የታየው መደጋገፍ ነው። አንድ ነገር ግን እንዳይጎድል፦ ድሃው። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ከምግብ ሁሉ መጥፎው ሀብታም ተጠርቶበት ድሃ የተተወበት የወሊማ ምግብ መሆኑን አስተምረውናል። የእንግዳ ዝርዝር ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ ላይ አላህን እንፍራ።

*«ሰው ምን ይላል?»*

እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ችግሩ ገንዘቡ ሳይሆን ይህቺ ጥያቄ ናት። አባቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን በሰው ሰርግ በልተዋል፤ ተራቸው ሲደርስ ብድር መመለስ ይፈልጋሉ። ይህ ስሜት ክፉ አይደለም። ስለዚህ ሐዲስ ይዛችሁ እንደ ዱላ አትወርውሩባቸው። ቁጭ ብላችሁ፣ ካስፈለገም የሚሰሙትን አጎት ይዛችሁ፣ «አባዬ፣ ሰውን እንጠራለን፣ እናበላለን፤ ግን በሬውን ሸጠን ወይም ተበድረን አይሁን» በሏቸው። የሰርጉ ዕዳ የሚከፈለው ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ባልና ሚስት ገና ሲተዋወቁ ነው፤ የመጀመሪያው የቤት ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይነሳል።

ሒሳባችሁን በወረቀት ስትጽፉ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦
1. መህር። የእሷ ሐቅ ነው፤ ለድግስ አይነካም።
2. የምትኖሩበት ቤት ኪራይና ዕቃ።
3. ምግቡ።
4. ከተረፈ ጌጡና ፎቶው።

ካልተረፈ አራተኛውን ሰርዙት፤ ኒካሑ አይጎድልም። አላህ በሱረቱ ኑር የሚያገቡ ድሆችን ከችሮታው እንደሚያብቃቃ ቃል ገብቷል። ወጣቶቻችን ግን ይህን ቃል ትተው የአዳራሹን ቀጠሮ ሲጠብቁ ዕድሜያቸው ይሄዳል፤ አንዳንዶችም በዚያ መካከል ሐራም ላይ ይወድቃሉ።

ያ ወንድማችን አባቱን ሊያነጋግር ሄዷል። ዛሬ ሰለዋት ስታበዙ እሱንም፣ ለድግስ ብለው ኒካሕ ያዘገዩትን ሁሉ በዱዓችሁ አስታውሷቸው። አላህ ቀላሉን ያግራላቸው፣ ትዳራቸውን በበረካ ይሙላው። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!