ያለ ወንድ የሚራቡ፣ በችግር ጊዜ የሚጋቡ

በግንደወይንና በሞጣ አገር ክረምት የሞላው ኩሬ በበጋ ይደርቅና መሬቱ ይሰነጣጠቃል። የሰኔ ዝናብ ሲመለስ ግን ብዙ ቀን ሳይቆይ ውሃው እንደገና በጥቃቅን እንስሳት ይሞላል። ለመሆኑ እነዚህ ፍጥረታት በጋውን የት ባጁ? መልሱን የምናገኘው አረባባቸውን ስንመረምር ነው።

በመጀመሪያ ሮቲፈርን እንመልከት። አብዛኛው ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ብራኪዮነስ በሚባለው ወገን፣ ምግብ በተትረፈረፈበት ጊዜ እናት ያለ ወንድ ሴት ልጅ ትወልዳለች፤ ልጂቱም በጥቂት ቀን ውስጥ እናት ትሆናለች። ቍጥራቸው በርክቶ ሲጨናነቁ፣ ከሰውነታቸው ወጥቶ በውሃው ውስጥ የተጠራቀመው ኬሚካል ምልክት ይሰጣል። በዚህን ጊዜ የተለዩ ሴቶች ይወለዳሉ፤ እንቍላላቸው የክሮሞሶሙን ግማሽ ብቻ ይይዛል። የወንድ ዘር ካላገኘው ወንድ ሆኖ ይፈለፈላል፤ ካገኘው ግን ወፍራም ቅርፊት ያለው፣ ድርቅ የሚችል «የዕረፍት እንቍላል» ይሆናል።

ወንዱ የሚያሳዝን ፍጥረት ነው። ከሴቲቱ እጅግ ያንሳል፤ የሚሠራ አንጀት ስለሌለው ምግብ አይቀምስም፤ ዕድሜው ከጥቂት ቀናት አያልፍም። ከሴት ጋር ሲጋጭ በገላዋ ላይ ያለውን ፕሮቲን ዳስሶ ወገኑ መሆኗን ያውቃል፤ ይዞራታል፤ ተጣብቆም ዘሩን በቆዳዋ በኩል ያስገባል። በተወለደች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካላገኛት ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

የውሃ ቁንጫ የምንላት ዳፍንያም እንዲሁ ታደርጋለች። የእርሷ ወንድ ግን በክሮሞሶም ከእናቱ አይለይም፤ ወንድ ያደረገው የአካባቢው ሁኔታ ነው። የዕረፍት እንቍላሎቿን ኮርቻ በሚመስል ከረጢት ታስቀምጣለች። እ.አ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ ሚኔሶታ ከሐይቅ ደለል የወጣ 700 ዓመት ገደማ ያስቈጠረ እንቍላል ተፈልፍሏል።

ታዲያ ወንድ ለምን አስፈለገ? በደኅና ጊዜ የእናትን ግልባጭ ማብዛት ይበቃል። የሚመጣው ክረምት ውሃ ግን እንዳለፈው ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ልዩ ልዩ ዘር ተቀላቅሎ መቀመጡ ይጠቅማል። ይህን አባባል የሚፈታተኑ ቤዴሎይድ የተባሉ ሮቲፈሮች አሉ። ደርቀው ውሃ ሲያገኙ ነፍስ ይዘራሉ፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ወንዳቸው አልተገኘም።

እንግዲህ የደረቀ ኩሬ ባዶ ጕድጓድ ሳይሆን ጎተራ ነው። በአፈር ስንደለድለው የብዙ ዓመት ዘር እናጠፋለን። ለዕረፍት አገራችን ስንገባ እፍኝ አፈር ይዘን እንመለስ፤ ንጹሕ ውሃ ጨምረን ብርሃን ባለበት እናስቀምጠውና በማይክሮስኮፕ እንከታተለው። በመጀመሪያ የሚታዩት ሴቶቹ ብቻ ናቸው፤ ሲበዙ ወንዶቹን መጠባበቅ ነው።