የዕለት እርምጃችን ስለ አቅማችን ምን ይነግረናል?

በአገራችን «ስፖርት እሠራለሁ» የሚል አዛውንት እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ያው አዛውንት ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ገበያ ይወጣሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ለቅሶ ይደርሳሉ፤ የዕድር ስብሰባም አይቀሩም። ይህ ሁሉ በአብዛኛው በእግር የሚፈጸም ነው። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ «ከቤት አይውጡ» ስንል ለመከላከል ያሰብነው መሰባሰብን ነበር፤ ሳናስበው ግን እርምጃውንም አብረን አስቀረነው። በሽታው የሚጸናው በዕድሜ በገፉት እንዲሁም የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በመሆኑ ቤት እንዲቆዩ አጥብቀን የመከርነው እነርሱን ነበር። እንቅስቃሴ ሲቋረጥ ይበልጥ የሚጎዱትም እነርሱው ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጫና ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ቀደም ሲል አንዱ ዙር ከ10 ደቂቃ እንዳያንስ ይመከር ነበር፤ አሁን ይህ ገደብ ተነሥቷል። ስለዚህ በግቢ ውስጥ ወይም በበረንዳ ላይ የሚደረግ የ5 ደቂቃ ምልልስም ከቁጥር ይገባል። በብዙዎች ዘንድ የሚነገረው «በቀን 10,000 እርምጃ» ግን መነሻው የሕክምና ጥናት ሳይሆን በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በጃፓን ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ መሣሪያ ስም ነው። እዚያ ቁጥር ላይ አልደረስኩም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

ጉዞው መካከለኛ ጫና እንዳለው ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። እየተራመዱ መነጋገር ከቻሉ፣ መዝፈን ወይም መዘመር ግን ትንፋሽ የሚያሳጥርዎት ከሆነ ልኩ እርሱ ነው። ለአብዛኛው አዋቂ ይህ በደቂቃ ወደ 100 እርምጃ ገደማ ይሆናል።

መራመድ ቀላል ቢመስልም ልብን፣ ሳንባን፣ የደም ዝውውርን፣ ጡንቻን፣ ነርቭንና ሚዛን የመጠበቅ ችሎታን በአንድነት የሚያሠራ ተግባር ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲደክም አረማመድ ይለወጣል። ሐኪሞች የልብና የሳንባ ሕሙማን በ6 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ሜትር እንደሚራመዱ የሚለኩት፣ ከቀዶ ሕክምና በፊትም «ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ ይወጣሉ ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው በተለመደ አካሄዱ 10 ሜትር ለመሄድ ከ12 ወይም ከ13 ሰከንድ በላይ ከፈጀበት፣ የጡንቻ መድከም ምልክት ሊሆን ስለሚችል በጤና ባለሙያ መታየት ይገባዋል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ለሁለት ወራት ከቤት ሆኖ ከሠራ በኋላ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ትንፋሹን መሰብሰብ ግድ ሆኖበታል፤ ያውም ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ። አቅሙ መቀነሱን የነገረው የሕክምና ምርመራ ሳይሆን ደረጃው ነው።

እርስዎም የራስዎን መለኪያ ሊያበጁ ይችላሉ። ለጥ ያለ፣ ሰው የማይበዛበት አንድ መንገድ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ከደጃፍዎ እስከ ሰፈሩ ወፍጮ ቤት። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብዎ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓትና በዚያው መንገድ ይድገሙት። ውጤትዎን ከጎረቤትዎ ጋር አያወዳድሩ። ዕድሜ፣ ቁመትና የመሬቱ አቀማመጥ ለውጥ ያመጣሉ፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አዲስ አበባ የሚራመድ ሰው በቆላ ከሚራመደው ቀድሞ ቢያለከልክ አያስደንቅም።

በወረርሽኙ ወቅት ከቤት ሲወጡ ጭምብል ማድረግ፣ በላብ ከራሰም በደረቅ መለወጥ ይመከር ነበር። መንገዱ ገና ጭር ባለበት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ መውጣት ይመረጣል፤ በወረርሽኙ ወቅት ከሌሎች ሰዎችም ቢያንስ ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራቅ ይመከር ነበር። ሲመለሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የስኳር ሕሙማን ከምግብ በኋላ ቢራመዱ የሚሠራው ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ስለሚወስድ ይጠቀማሉ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ግን ከረሜላ ወይም ስኳር በኪሳቸው ይያዙ፤ ጫማቸው እግራቸውን እንዳላቆሰለም ማታ ማታ ይመልከቱ። መራመድ መድኃኒትን አይተካም፤ የታዘዘልዎትን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ።

በኮቪድ-19 ታመው የዳኑ ሰዎች ወደ ቀድሞ ፍጥነታቸው ለመመለስ መቸኮል የለባቸውም። ትኩሳቱና ሳሉ ከለቀቃቸው በኋላ በቤት ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ይጀምሩ፤ በማግሥቱ ድካሙ ካልባሰባቸው ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ከባሰባቸው ይቀንሱ። በዚህ ረገድ ቤተሰብ «በርታ፣ ተንቀሳቀስ» እያለ ከሚገፋፋ ይልቅ ጠጋ ብሎ ቢከታተል ይሻላል። በሽታው ገና ያልለቀቀው ሰው ተቀምጦ ሳለ ደኅና መስሎ፣ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ብቻ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላልና ይህን ምልክት በቸልታ አይለፉት። የደረት ሕመም፣ ራስን የመሳት ስሜት፣ የከንፈር መጥቆር ወይም ዐርፈውም የማይመለስ የትንፋሽ እጥረት ከታየ ጉዞውን ወዲያውኑ አቁመው በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ ወይም በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ።